ሊንከሩን ማን ይምረጥ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ቀጥታ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ድካማችሁን ችላችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ፣ እንጀምር።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የኮምፓይለር አማራጭ ነው። ስለ አንዲት ብቻ። ኮምፓይለሩን ስትጠሩት ሰረዝ ኤፍ ዩዝ ሰረዝ ኤልዲ ትላላችሁ፣ የእኩል ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ የሊንከር፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረጉትን ፋይሎች አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ስም ትጽፋላችሁ። አለቀ። ለማሳጠር ዛሬ ማታ «ዩዝ ኤልዲ» እያልኩ እጠራታለሁ። ሥራዋ ኮምፓይለሩን «ፕሮግራሜን በዚህኛው ሊንከር አገናኝልኝ» ማለት ነው።

ለዚህች ትንሽ ነገር ይህን ያህል ሰዓት? የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በራስት የተጻፈ ነገር ቢልድ ያደረጋችሁ እጃችሁን አንሡ። ብዙ ናችሁ። አሁን ያንን ፕሮግራም ያገናኘው የትኛው ሊንከር እንደሆነ በእርግጠኝነት የምታውቁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ፤ ሌሎቻችሁ አውርዱ። አያችሁ? ጥቂት እጅ ቀረ።

መልእክቴ ይኼው ነው። ሊንከር የመምረጥ መብት የተጠቃሚው ነው። ኮምፓይለር የምትሠሩ፣ የቢልድ ሲስተም የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህንን መብት በግልጽ አማራጭ ስጡት። ስትሰጡት ደግሞ በታማኝነት ስጡት። የጠየቀውን ሊንከር ጥሩለት። ካልቻላችሁ ቁሙና ንገሩት።

ሦስት ነጥቦች አሉኝ። የመጀመሪያው ይህ ለምን የኮምፓይለሩ ሥራ ሆነ የሚል ነው። ሁለተኛው አማራጩ እንዴት መሠራት አለበት የሚል ነው። ልቤ ያለው እዚያ ስለሆነ እሱን ረዘም አደርገዋለሁ። ሦስተኛው ሊንከር ስትቀይሩ አብሮ ምን ይቀየራል የሚል ነው።

አንደኛውን እንያዝ።

ብዙዎቻችን «ጂሲሲ ኮዴን ኮምፓይል አደረገልኝ» እንላለን፤ ጂሲሲ የጂኤንዩ ፕሮጀክት ኮምፓይለር ነው። ጂሲሲ ብለን የምንጠራው ትእዛዝ ግን በራሱ ብዙ አይሠራም። አስተባባሪ ነው። የሲ ኮዱን ወደ አሴምብሊ ለሚቀይረው ፕሮግራም ይሰጣል። አሴምብሊውን ለአሴምብለሩ ያቀብላል። የወጡትን ኦብጀክት ፋይሎች ይሰበስብና መጨረሻ ላይ ሊንከሩን ይጠራል። ሊንከሩ ፋይሎቹን አንድ ላይ ያደርጋል። አንዱ ፋይል የሚጠራውን ፈንክሽን ሌላው ውስጥ ፈልጎ ያገኛል። ለእያንዳንዱ ነገር አድራሻ ይሰጣል፤ ክፍት የተተዉትን የአድራሻ ቦታዎች ሁሉ ይሞላል። የሚሮጥ ፕሮግራም የሚኖራችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ሊንከሩን እኔው በቀጥታ ብጠራውስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤት ስትገቡ ሞክሩት። አንድ መስመር የምታትም ትንሽ ፕሮግራም ውሰዱና ኮምፓይለሩን በ«ሰረዝ ቪ» ጥሩት፤ የሚያደርገውን ሁሉ ያሳያችኋል። ሊንከሩን የሚጠራበት መስመር ስክሪኑን ይሞላዋል። ከሜይን በፊት የሚሠሩት ሲአርቲ 1፣ ሲአርቲ አይ፣ ሲአርቲ ቢጊን የሚባሉት ፋይሎች አሉ። የሲ ላይብረሪው አለ። የኮምፓይለሩ የራሱ ሊብጂሲሲ አለ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ላይብረሪዎቹን የሚጭንለት የዳይናሚክ ሊንከር አድራሻ አለ። ላይብረሪ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ተደርድረዋል። ቅደም ተከተሉም በዘፈቀደ አይደለም። ይህንን ሁሉ የሚያውቀው ኮምፓይለሩ ነው። ኤልዲን፣ ነባሩን ሊንከር፣ በባዶ እጁ ብትጠሩት ግን «መነሻ የሚሆነኝን ስታርት የሚባል ሲምቦል አጣሁ» ብሎ ይመልሳችኋል።

ስለዚህ የምትፈልጉት ያ ረጅም መስመር እንዳለ ሆኖ፣ መጀመሪያው ላይ ያለችው የፕሮግራም ስም ብቻ እንድትቀየር ነው። ይህንን ማድረግ የሚችለው ማን ነው? መስመሩን የሚጽፈው ነው። ኮምፓይለሩ ነው!

ግን ለምን መቀየር አስፈለገ? ለረጅም ጊዜ በነፃ ሶፍትዌር ዓለም ውስጥ ሊንከር ማለት አንድ ነበር፤ የጂኤንዩ ኤልዲ። ዛሬ ከሌሎቹ ለመለየት ቢኤፍዲ ሊንከር እንለዋለን። ብዙ ዓይነት የፋይል ቅርጽ ያውቃል፣ ብዙ ዓይነት ማሽን ይደግፋል፣ ግን ፍጥነት የእሱ ነገር አይደለም። በ2008፣ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ኢያን ላንስ ቴይለር ጉግል ውስጥ ሆኖ የጻፈው ጎልድ ወጣ። ጎልድ የሚያውቀው ኤልፍ የሚባለውን የፋይል ቅርጽ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን ያገኘውም ከዚያ ነው። ቀጥሎ ክላንግ የሚባለውን ኮምፓይለር የሚሠራው የኤልኤልቪኤም ፕሮጀክት ኤልኤልዲን ይዞ መጣ። ፍሪቢኤስዲ 12 በ2018 ሲወጣ፣ በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ማሽኖች ላይ የሲስተሙ ሊንከር ኤልኤልዲ ነበር። በኤልኤልዲ ላይ ብዙ የሠራው ሩዊ ኡዬያማ ደግሞ ሞልድን እንደ አዲስ ጻፈ። የሞልድ 1.0 በ2021 መጨረሻ ወጣ።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የሞልድ ፕሮጀክት ራሱ ያወጣውን ልኬት ልንገራችሁ። ክላንግን የሚያህል፣ ከዲበግ መረጃው ጋር ከአንድ ጊጋባይት በላይ የሆነ ፕሮግራም ብዙ ኮር ባለው ማሽን ላይ ሲገናኝ፣ ጂኤንዩ ኤልዲ 42 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ጎልድ 33። ኤልኤልዲ 5። ሞልድ ከ1.5 ሰከንድ በታች። የራሳቸው ልኬት ስለሆነ በራሳችሁ ማሽን ላይ ደግማችሁ ለኩ። የልዩነቱን መጠን ግን እዩት። አንድ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር የሚቀይር ሰው ኮምፓይል የሚያደርገው ያቺኑ ፋይል ብቻ ነው። ሊንክ የሚያደርገው ግን ሁሉንም ነው። በየለውጡ፣ በየለውጡ፣ በየለውጡ። 42 ሰከንድ ሲጠብቅ ሐሳቡ ይበተናል። ሊንከር የመምረጥ ጉዳይ ለእኔ ከሁሉ በፊት የሰው ልጅ ትኩረት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት የምሠራበት ቦታ ሁለት ቡድኖች አንድ የቢልድ ሰርቨር እንጋራ ነበር። የእኛ ቡድን ለትናንሽ መሣሪያዎች ፈርምዌር፣ ማለትም መሣሪያው ውስጥ ተጭኖ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ይሠራል። ሌላው ቡድን ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ይሠራል። አንድ ቀን የእኛ ፈርምዌር መነሣት አቃተው። ኮዳችንን የነካ የለም። ወደ ቀደመው ቨርዥን መለስነው፤ እሱም እንቢ አለ! ባለፈው ሳምንት ሲሠራ የነበረው ቨርዥን ማለቴ ነው። መሣሪያ ቀየርን፣ ኬብል ቀየርን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። በኋላ አንዲት ባልደረባችን የሁለቱን ቀን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጋ ስታይ፣ ከሜሞሪው መጀመሪያ ላይ መቀመጥ የነበረበት ሴክሽን ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ሰርቨሩ ላይ ኤልዲ የሚለው ስም የሚያመለክተው ቢኤፍዲን ነበር። ሌላው ቡድን ቢልዱ እንዲፈጥንለት ወደ ጎልድ አዙሮታል። የእኛ ሊንከር ስክሪፕት፣ ምን የት እንደሚቀመጥ ለሊንከሩ የሚነግረው ፋይል፣ የተጻፈው ደግሞ በቢኤፍዲ አካሄድ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ቡድን ፍጥነት መፈለጉ ትክክል ነው። ችግሩ ለራሱ ፕሮጀክት ብቻ የሚመርጥበትን መንገድ ትቶ ለማሽኑ ሁሉ መምረጡ ነው። ብዙ ሰው ይህንን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። የሚታየው በር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ምርጫው በፕሮጀክቱ ቢልድ ፋይል ውስጥ በአንድ ቃል የሚጻፍ ከሆነ፣ ያ ቃል ከኮዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ኮዱን ያነበበ ሰው ያየዋል። ጎረቤቱን አይነካም።

ሌላም መንገድ ነበር። ኮምፓይለሩ መሣሪያዎቹን የሚፈልግበትን ፎልደር በ«ሰረዝ ትልቁ ቢ» መንገር ይቻላል። አንድ ፎልደር ትፈጥራላችሁ፣ ኤልዲ የሚል ስም ያለው ሊንክ ታስቀምጡበታላችሁ፣ ሊንኩን ወደ ፈለጋችሁት ሊንከር ታዞራላችሁ። ይሠራል። እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው ሰው ምን ያያል? የፎልደር ስም ነው የሚያየው። ሊንከር ተመርጧል የሚል ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛው ነጥብ። አማራጩ እንዴት ይሠራ?

በዚህ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። ሁለቱም ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ውጤታቸውን ማየት እንችላለን።

የመጀመሪያው የጂሲሲ መንገድ ነው። ጂሲሲ የሚቀበላቸው ስሞች ዝርዝር አለው። ቢኤፍዲ፣ ጎልድ፣ በኋላ የተጨመሩት ኤልኤልዲና ሞልድ። እያንዳንዱ ስም በአማራጮች ፋይል ውስጥ የራሱ መስመር አለው። ከዚያ ኮሌክት ቱ የሚባለው፣ በጂሲሲና በሊንከሩ መካከል የቆመው ፕሮግራም፣ ስሞቹን ኤልዲ ነጥብ ጎልድ፣ ኤልዲ ነጥብ ቢኤፍዲ እያለ በሠንጠረዥ ይዟል። አንድ አዲስ ሊንከር ለመጨመር ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለኮምፓይለር ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ እንዲህ ዓይነቱን ለውጥ ፈልጋችሁ አንብቡት። ትልቅ ፕሮጀክት ውስጥ ለመግባት ከዚህ የተሻለ ትንሽ በር አላየሁም።

ሁለተኛው የክላንግ መንገድ ነው። ክላንግ ዝርዝር የለውም። የሰጣችሁትን ስም ይወስዳል፣ ከፊቱ ኤልዲ ነጥብ ይጨምርበታል፣ ያ ፕሮግራም አለ ወይ ብሎ በሚያውቃቸው ፎልደሮች ይፈልጋል። ካገኘ ይጠራዋል። ካላገኘ «የሊንከሩ ስም ልክ አይደለም» ብሎ፣ እናንተ የጻፋችሁትን አማራጭ ደግሞላችሁ ይቆማል።

የትኛው ይሻላል? እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ደግሞ በ2021 መጨረሻ የሆነው ያሳያል። ሞልድ 1.0 ሲወጣ የክላንግ ተጠቃሚ ያን ቀኑኑ «ዩዝ ኤልዲ እኩል ይሆናል ሞልድ» ማለት ይችል ነበር። ኮምፓይለሩ ስለ ሞልድ ሰምቶ ማወቅ አላስፈለገውም። ጂሲሲ 11 ያለው ሰው ግን ይህንኑ ሲጽፍ «እንዲህ የሚባል አማራጭ አላውቅም፤ ጎልድ ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። እስከ ጂሲሲ 12፣ ማለትም እስከ 2022 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያም በኋላ ቢሆን አዲሱ ጂሲሲ የሚሠራበት ማሽን ላይ እስኪደርስ ገና ብዙ ጊዜ አለ። ሞልድ ምን አደረገ? «ሞልድ ሰረዝ ራን» የሚል ትእዛዝ ይዞ መጣ። የቢልድ ትእዛዛችሁን በዚያ ውስጥ ስታስኬዱት፣ ኤልዲ ሊጠራ ሲል መሀል ገብቶ ራሱን ይተካል። ሥራው ብልህነት የተሞላበት ነው፤ አደንቀዋለሁ። ግን ሊንከር ሠሪው እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት የተገደደው ኮምፓይለሩ አንድ ስም መቀበል ስላልቻለ ነው!

ዝርዝር ይሻላል የሚሉ ሰዎች ክርክር አላቸው፤ በአግባቡ ልስጠው። ዝርዝር የፊደል ስሕተትን ይይዛል። ኮምፓይለሩ የሚያውቃቸውን ሊንከሮች ብቻ ስለሚጠራ የሚልክላቸውን አማራጭ በየጠባያቸው ማስተካከል ይችላል። የመጀመሪያውን አልቀበለውም። ክፍቱ መንገድም የፊደል ስሕተትን ይይዛል፤ ያልተገኘ ፋይል አልተገኘም ነው። ሁለተኛው ግን እውነት አለበት። ክላንግ ራሱ ያንን አውቆታል። ለዚህ ነው በክላንግ 12 «ኤልዲ ፓዝ» የምትባል ሁለተኛ አማራጭ የመጣችው። አንዷ የሊንከሩን ዓይነት ትናገራለች፣ ሌላዋ ያለበትን ቦታ ትናገራለች። ዓይነትና ቦታ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ራሳችሁ ያጠናቀራችሁትን፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ ኤልኤልዲ ከቤታችሁ ፎልደር መጥራት ብትፈልጉ ቦታውን ነው የምትሰጡት። ዓይነቱ ኤልኤልዲ እንደሆነ ግን ኮምፓይለሩ ሊያውቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ስሙ ባይገኝስ?

ከባልደረቦቼ ጋር የምንሠራት አንዲት ትንሽ ኮምፓይለር አለች። ለውስጥ ሥራ ናት፤ እኔ የምሠራው አስተባባሪውን ክፍል ላይ ነው። ይህንን አማራጭ ልንጨምር ስንነሣ የኮዱ ሥራ አንድ ከሰዓት አልፈጀም። ክርክሩ ግን ለብዙ ቀን ቀጠለ። አንድ በጣም የማከብረው ባልደረባችን «የተጠየቀው ሊንከር ካልተገኘ ማስጠንቀቂያ አትመን በነባሩ እናገናኝለት» አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። «ሰውዬው የሚፈልገው ፕሮግራሙን ነው እንጂ ሊንከሩን አይደለም። ለምን እናስቆመዋለን?»

ደግነት ነው፤ ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት። አንዱ ሰው በራሱ ማሽን ላይ በኤልኤልዲ አገናኝቶ ሁሉንም ቴስት ያልፋል። ለደንበኛ የሚሄደው ግን የሚገነባው ሰርቨር ላይ ነው። እዚያ ኤልኤልዲ አልተጫነም። ማስጠንቀቂያው ከሺህ መስመር ሎግ መሀል ይታተማል። ማን ያነበዋል? ማንም! ፕሮግራሙ በቢኤፍዲ ተገናኝቶ ይወጣል። ማንም ቴስት ያላደረገው ፕሮግራም ደንበኛ እጅ ገባ ማለት ነው። ሰውዬው በግልጽ ጽፏል፤ ኮምፓይለሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። ነባሩን ሊንከር የሚፈልግ ሰው አማራጩን አይጽፍም ነበር። የጻፈው ስለፈለገ ነው።

በመጨረሻ ተስማማን፤ ካልተገኘ ኤረር ነው። ከዚያ ደግሞ ያው ባልደረባችን ሥራውን የበለጠ ያሳመረ ሐሳብ አመጣ። «ካቆምነው አይቀር የት የት እንደፈለግን እንንገረው» አለ። ዛሬ የእኛ ኮምፓይለር ሊንከር ሲያጣ የተጠየቀውን ስም፣ የፈለገውን የፋይል ስም፣ ያያቸውን ፎልደሮች ሁሉ ዘርዝሮ ያትማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ስለ ኤረር መልእክት ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጂሲሲ ባለበት ማሽን ላይ ኤልኤልዲ ሳይጫን በኤልኤልዲ አገናኝ ብትሉት ብዙዎቻችሁ ያያችሁትን መልእክት ታያላችሁ። «ኮሌክት ቱ፦ ኤልዲን ማግኘት አልቻልኩም» ይላል። ኤልዲን! ተጠቃሚው ምን ያደርጋል? ኤልዲ አለ ወይ ብሎ ያያል። አለ። ይሮጣል ወይ? ይሮጣል። ከዚያ ግራ ይገባዋል። የጎደለው ኤልዲ ነጥብ ኤልኤልዲ ነው፤ መልእክቱ ግን ስሙን አይጠራም። አዲስ የጀመረ ሰው በዚህች አንድ መስመር ምክንያት ቢልድ ቱሉን በሙሉ አራግፎ እንደገና ሲጭን አይቻለሁ። እባካችሁ! ተጠቃሚው የጻፈላችሁን ስም መልሳችሁ ንገሩት። በኮምፓይለር ሥራ ውስጥ ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ትንሽ ነው።

ሌላ አጭር ነገር። ዩዝ ኤልዲ የሊንክ አማራጭ ናት። ኮምፓይል ብቻ በሚደረግበት ደረጃ ላይ ሥራ የላትም። ቢልድ ፋይላችሁ ላይ የኮምፓይል አማራጮች በሚጻፉበት በሲ ፍላግስ ውስጥ ካስገባችኋት ክላንግ በየፋይሉ «ይህ አማራጭ ጥቅም ላይ አልዋለም» እያለ ያስጠነቅቃችኋል። ማስጠንቀቂያን ሁሉ ወደ ኤረር የሚቀይር ፕሮጀክት ከሆነ ቢልዱ ይቆማል። ቦታዋ የሊንክ አማራጮች በሚጻፉበት በኤልዲ ፍላግስ ውስጥ ነው። ሲሜክ የሚባለውን የቢልድ ሲስተም ለምትጠቀሙ ከ3.29 ጀምሮ ሲሜክ ሊንከር ታይፕ የሚባል ተለዋዋጭ አለላችሁ፤ ለየኮምፓይለሩ የሚያስፈልገውን ራሱ ይጽፍላችኋል።

የራስትንም ላንሣ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። በመስከረም 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ራስት 1.90 በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ኤልኤልዲን ነባሪ አደረገ። እንዴት አደረገው መሰላችሁ? ራስት ሊንከሩን ራሱ አይጠራም። ለማገናኘት የሲ ኮምፓይለሩን ይጠራል። ከእሱ ጋር አብሮት የሚመጣውን ኤልኤልዲ በሰረዝ ቢ ፎልደሩን ያሳየዋል፣ ከዚያ በዩዝ ኤልዲ ይጠይቀዋል። ቅድም ያነሣናቸው ሁለቱም መንገዶች በአንድ መስመር ላይ! የሌላ ቋንቋ ኮምፓይለር ይህንን ያህል ትልቅ ለውጥ ማምጣት የቻለው፣ በሲ ኮምፓይለሮቹ ውስጥ አንድ ሰው ይህችን አማራጭ ስለጨመረ ነው። ወደ ቀድሞው መመለሻ አማራጭም አስቀምጠዋል። ነባሪውን ስትቀይሩ መመለሻውን በዚያው ቀን አብራችሁ ስጡ።

ሦስተኛው ነጥብ። ሊንከር ስትቀይሩ ምን አብሮ ይቀየራል? ሰዓት እየሄደ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን ብቻ ልበል።

የላይብረሪ ቅደም ተከተል አንዱ ነው። ቢኤፍዲ የስታቲክ ላይብረሪዎችን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። አንድ ላይብረሪ ከሚጠራው ፋይል በፊት ከተጻፈ ያልፈዋል፤ በኋላ ሲምቦሉ ጠፋ ይላል። ኤልኤልዲ ግን ያለፈው ላይብረሪ ውስጥ ምን እንዳለ ያስታውሳል፣ ሲያስፈልገው ተመልሶ ያመጣል። ምቹ ነው አይደል? ነገር ግን በኤልኤልዲ ብቻ የሠራ ቡድን ቅደም ተከተሉ መበላሸቱን ሳያውቅ ይኖራል። አንድ ቀን ሌላ ሰው በቢኤፍዲ ሲሞክረው ይፈርሳል።

ኤልቲኦ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲገናኝ በአንድነት የሚሻሻልበት ዘዴ፣ ሌላው ነው። በሰረዝ ኤፍ ኤልቲኦ ኮምፓይል ስታደርጉ ኦብጀክት ፋይሉ ውስጥ ያለው የኮምፓይለሩ የራሱ መካከለኛ ቋንቋ ነው። ሊንከሩ በፕለጊን በኩል ኮምፓይለሩን መልሶ ይጠራዋል። የጂሲሲን ፕለጊን ቢኤፍዲና ሞልድ ይቀበላሉ። ኤልኤልዲ አይቀበልም፤ እሱ የሚያውቀው የኤልኤልቪኤምን ነው። ስለዚህ ጂሲሲ፣ ኤልቲኦ እና ኤልኤልዲ አንድ ላይ አይሄዱም። አማራጩን የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ ያለውን ጥምረት ተጠቃሚው ግራ የሚያጋባ የሲምቦል ኤረር ላይ ከመድረሱ በፊት ብትይዙለት ትልቅ ውለታ ነው።

ሊንከር ስክሪፕት ሦስተኛው ነው። ይህንን በእኛ ፈርምዌር አይታችሁታል። የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎችም በ2019 በጎልድ መገንባትን ከነአካቴው ከልክለዋል። ሞልድ ደግሞ ስክሪፕትን የሚደግፈው በጥቂቱ ነው። ከርነል፣ ቡትሎደር፣ ፈርምዌር የምትሠሩ ሰዎች ለፍጥነት ብላችሁ አትዝለሉ።

ጎልድን ካነሣን የደረሰበትን ልንገራችሁ። በየካቲት 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጂኤንዩ ሊንከሮች የሚመጡበት ጥቅል፣ ቢንዩቲልስ 2.44፣ ሲወጣ ጎልድ ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ለብቻው ተቀመጠ፤ አዲስ ጠባቂ ካልተገኘ ሊቀር እንደሚችልም ተነገረ። በየፕሮጀክቱ ግን «ዩዝ ኤልዲ እኩል ይሆናል ጎልድ» የሚል መስመር ሞልቷል። ዛሬውኑ ቢልድ ፋይላችሁ ውስጥ ፈልጉት። የጠፋ ሊንከር ስም ይዞ የሚቆም ቢልድ ያናድዳል፤ ግን ምክንያቱን በአንድ መስመር ታገኙታላችሁ። በዝምታ ወደ ሌላ ሊንከር የሚያልፍ ቢሆን ኖሮስ?

የመጨረሻው፣ የመጀመሪያ ጥያቄዬን የሚመልሰው፦ የትኛው ሊንከር እንዳገናኘው እንዴት ይታወቃል? ሪድኤልፍ የሚባለውን ፕሮግራም ውሰዱና ኮመንት የሚባለውን ሴክሽን አሳየኝ በሉት። ኤልኤልዲና ሞልድ ስማቸውንና ቨርዥናቸውን እዚያ ይጽፋሉ። ጎልድ የራሱ የኖት ሴክሽን አለው። ቢኤፍዲ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም፤ ምንም ስም ካላገኛችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህንን ፍተሻ ቢልዳችሁ መጨረሻ ላይ አስገቡት። ሁለት መስመር ስክሪፕት ነው።

የእኔ ይኼው ነው፤ ጥያቄ ካለ እንቀበል። አዎ፣ እዚያ ጋ፣ ማይኩን አቀብሏት።

ጥያቄዋ «ሞልድን ለምንለቀው ፕሮግራምም እንጠቀም ወይስ ለልማት ብቻ?» የሚል ነው። በጣም ጥሩ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ በልማት ጊዜ ፈጣኑን ሊንከር ተጠቀሚ፣ ማንም አይከልክልሽ። ለሚለቀቀው ግን የትኛውንም ምረጪ፣ ቢኤፍዲም ይሁን ሞልድ፣ ስሙን በግልጽ ጻፊው። ከዚያ የመልቀቂያ ቴስቶችሽ በሙሉ በዚያው ሊንከር በተገናኘው ፋይል ላይ ይሩጡ። በልማት ማሽንሽ ላይ በወጣው ላይ አይደለም፤ ለደንበኛው በሚሄደው በራሱ ላይ። ቀጣይ ጥያቄ?